በረዶ በአበርገሌና በሰቆጣ ሰማይ

በክረምት የተከዜ ሸለቆ ሲግል እርጥብ አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ እየቀዘቀዘም ደመና ይሆናል። በሀገራችን ሰማይ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ብዙ የውሃ ጠብታዎች ከዜሮ በታች ቀዝቅዘውም በረዶ ሳይሆኑ ይቆያሉ፤ የበረዶ ጠጠር ሲነካቸው ግን በላዩ ይጋገራሉ። ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ጠጠሩን እስከደገፈው ድረስ እየወፈረ ይሄዳል፤ ክብደቱ ሲያይል ይወርዳል።

ከ2,000 ሜትር በላይ ለምትገኘው ሰቆጣ የመቅለጫው መንገድ አጭር ነው። በቆላማው አበርገሌ ግን ትንንሹ ጠጠር ቀልጦ ዝናብ ስለሚሆን፣ መሬት ደርሶ ማሽላ የሚያረግፈው አብዛኛውን ጊዜ ከብርቱ ደመና የወረደው ትልቁ ነው።

በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል፤ መብረቅም ከዚህ ይወለዳል። ስለዚህ የፍየል እረኞች ነጐድጓድ ሲሰሙ ከብቸኛ ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ አጥብቀን እንመክራለን።