ያውቁ ኖሯል? ሰርዶን መከትከት ማባዛት ነው

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ሰርዶ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በተለይ ዶማ እንደ ልብ በማይነሳበት፣ በአጥሩና በውኃ ሮቶው መካከል በቀረችው ጠባብ ጥግ።

ሰርዶ የሚስፋፋው መሬት ላይ በሚሳበው ግንዱና አፈር ውስጥ በሚሄደው ግንዱ ነው። በሁለቱም ላይ ያሉት አንጓዎች ሥርም ቡቃያም ያወጣሉ። በዶማ ተከትክቶ አፈር ውስጥ የቀረ ቁራጭ፣ አንጓ ካለውና እርጥበት ካገኘ፣ ራሱን የቻለ ተክል ይሆናል። በክረምት መቆፈር እንግዲህ አረም መንቀል ሳይሆን ችግኝ ማፍላት ነው። ሥራው የበጋ ነው፦ አፈሩን ፈንቅሎ ግንዱን ሳይበጥሱ መሳብ፣ የተነቀለውንም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቅ ማድረግ። እርጥቡን ኮምፖስት ውስጥ መጨመር አይበጅም። የፈላ ውኃ ቅጠሉን ይለበልባል እንጂ ከታች ያለውን አይገድልም። ጨው ደግሞ፣ ብዙ ሰው ቢመክረውም፣ አፈሩን ያበላሻል።

ደካማ ጎኑ ጥላ ነው፤ ያለ ፀሐይ አይበረታም። ስለዚህ እጅ የማይገባበትን ጥግ በጥቁር ላስቲክ ለወራት ሸፍኖ ዳር ዳሩን በድንጋይ መጫን ከቁፋሮ ይሻላል። በጠርዙ ሾልኮ የሚወጣውን እየተከታተሉ መንቀል ግን አይቀርም።

ጥጉ ተዳፋት ከሆነ ግን ባይነኩት ይመረጣል፤ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው አጥብቆ የሚይዘው ይኸው ሰርዶ ነው።