የዕቁብ ብር ይዤ መነጽር ፍለጋ

መቼም ዕቁብ የወጣለት ሰው ምክር አይሰማም። እኔም ዕጣው ሲደርሰኝ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፊት ላይ ታስሮ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚከተው የቪአር መነጽር! ታናሽ ወንድሜ ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ያጫውታል። «አንድ መነጽር ብንጨምር እኮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደኛ ነው» አለኝና እሱም ያጠራቀማትን አዋጣ። እንግዲህ ብሳሳት የማጠፋው የራሴን ብቻ አይደለም።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ስልክ የሚገባበት የፕላስቲክ ሣጥን አወጣና «ቪአር ማለት ይሄ ነው!» አለ። ዋጋው ደስ ይላል። አደረግሁት። ጭንቅላቴን ሳዞር ሥዕሉም ይዞራል። አንድ እርምጃ ስራመድ ግን ዓለሙ ንቅንቅ አይልም! እግሬ እየሄደ ዓይኔ «ቆመሃል» ይለኛል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረድኩ መሰለኝ፤ ሆዴ ተገለባበጠ።

ለካስ እንዲህ ያለው ሣጥን የሚያውቀው የጭንቅላትን መዞር ብቻ ነው። እንደ ኩዌስት ያሉት ግን በላያቸው ባሉት ካሜራዎች እርምጃንም ማጎንበስንም ይከተላሉ። ጉግል ራሱ «ካርድቦርድ» ያለውን የካርቶን መነጽር በ2014 አውጥቶ በ2021 መሸጡን ትቷል (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)።

ወንድሜ «ታዲያ የሶኒውን ለምን አንገዛም?» አለ። ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 5 ነው፤ የኛ 4 ነው። አለቀ!

ከዚያ ያገለገለ ፍለጋ ገባን። አንዱ «ኦሪጅናል ኦኩለስ!» እያለ አመጣልን። የ2019ኙ የመጀመሪያው ኩዌስት ነው። ሜታ የደህንነት ማሻሻያ ሲሰጠው የቆየው እስከ 2024 ድረስ ነው፤ እምቢ አልን። ኩዌስት 2 በ2020፣ ኩዌስት 3ኤስ ደግሞ በ2024 ሲወጡ መነሻ ዋጋቸው እኩል 299 ዶላር ነበር። 3ኤስ የኩዌስት 3ን ፈጣን አንጎል ይዟል፣ ሌንሱ ግን የኩዌስት 2 ዓይነት ነው። ብር ለሞላው እሱ ይሻላል። የኛ አልሞላም።

ከውጭ የመጣ ሰው ዘንድ ኩዌስት 2 አገኘን። እዚህ ጋ ልብ በሉ! ነጭ ሥዕል አስከፍቼ ጥቁር ነጥብ ፈለግሁ። ፀሐይ በሌንሱ ከገባች እንደ ማጉያ መነጽር ስክሪኑን ታቃጥለዋለች፤ ነጥቡ ደግሞ አይለቅም። ሁለቱን መያዣዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳይነኩ ሥዕሉ እንዳይንሸራተት አየሁ። ሰውየው አካውንቱን እፊታችን እንዲያወጣ ለመንነው። ቅር ቢለውም አወጣ። ሌንሶቹ የሚቆሙት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር። ለኔ መሃሉ ገጠመኝ፣ ለወንድሜ ጠባቡ። ለማንኛቸውም የማይገጥመው ደንበኛ ብዥ ሲልበት ብሩን አይከፍልማ!

ገዛነው። ቤት እንደገባን ወንድሜ ገና ሣጥኑን ሳይከፍት ሮጦ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋ።