የደራሲ ስም በመዝገብ እንዳይዛባ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል የኖረው ተረት እውነትነቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተጻፈውም ቢሆን ማን እንደ ጻፈው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተጻፈና በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝ ካልተመለከተ፣ ወራሹ ውርሱን ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም፤ የመጻሕፍት መምህርም ትርጓሜውን ያለ ጥቅስ አያጸናም። እንደዚሁም ታሪክ ወይም ጥናት የሚጽፍ ሰው የቃሉን ዋቢ በትክክለኛ ስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

ዋቢ መጻሕፍትን የመሰብሰብ ሥራ ቀድሞ በእጅ የሚሠራ ነበር። ጸሐፊው በቤተ መጻሕፍቱ የካርድ ሣጥን ፊት ቆሞ የእያንዳንዱን መጽሐፍ መግለጫ በወረቀት ይገለብጥ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በወይዘሮ ሄንሪየት አቭራም መሪነት ማርክ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጀ። ይህም የመጽሐፍን መግለጫ ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል መልክ የሚከፋፍል ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. መዝገቡን በቴፕ እየቀዳ ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ማደል ጀመረ። ዛሬ ደግሞ ኤንድኖት፣ ሜንዴሌይና ዞቴሮ የሚባሉ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌሮች አሉ። ከእነዚህም ዞቴሮ በ2006 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ በሚገኘው በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣና ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንባቢው በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ የፈለጋቸውን መጻሕፍት መርጦ መዝገባቸውን በአንድ ፋይል ያወርዳል፤ ሶፍትዌሩም ፋይሉን ከፍቶ ወደ ራሱ ቋት ያስገባል። ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ፋይል አር አይ ኤስ የሚባለው ነው። በዚህም ፋይል መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ ኤ ዩ የደራሲው፣ ቲ አይ የአርእስቱ፣ ፒ ዋይ የዓመቱ፣ ኢ አር የመዝገቡ መጨረሻ ምልክት ነው። አንድ ወር ይፈጅ የነበረውን የእጅ ሥራ በጥቂት ደቂቃ መፈጸም ማለፊያ ነገር ነው። ዳሩ ግን መሣሪያው እውነቱን በፈጠነበት ፍጥነት ስሕተቱንም ያጓጉዛልና፣ ነገሩ ማስተዋል ያሻዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የሰው ስም ነው። የነዚህ ፋይሎች ደንብ የተሠራው የቤተ ዘመድ ስም ላላቸው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰዎች ነው። የቤተ ዘመዱ ስም ይቀድማል፣ ነጠላ ሰረዝ ይከተላል፣ የግል ስም ኋላ ይመጣል። እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን ስም ነው፤ የአባታችንም ስም የማን ልጅ እንደ ሆንን ያመለክታል እንጂ የቤተ ዘመድ ስም አይደለም። ለምሳሌ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ከ1270 እስከ 1527 እ.ኤ.አ. ስለ ነበረው ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ታትሟል። ሥርዓቱን የሚያውቅ የካታሎግ ሠራተኛ ሳያገላብጥ «ታደሰ ታምራት» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ሶፍትዌሩ ግን ነጠላ ሰረዝ ሲያጣ የመጨረሻውን ቃል የቤተ ዘመድ ስም ያደርገውና «ታምራት፣ ታ.» ብሎ ሊያወጣው ይችላል። በዚህ ጊዜ መጽሐፉን የጻፉት ልጅ በአንድ ፊደል ተወስነው ይቀራሉ፤ መጽሐፉን ያልጻፉት አባት ግን ደራሲ ተብለው ይጠራሉ። ሌላው ጸሐፊ በትክክል «ታደሰ» ብሎ ሲጠቅስ ደግሞ፣ አንዱ ሊቅ ሁለት ሰው መስለው ይታያሉ።

ሁለተኛው የዓመቱ ቁጥር ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር ያለ ማብራሪያ ወደ ሶፍትዌሩ ከገባ፣ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉ ከእውነተኛው ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የቀደመ ይመስለዋል። የደራሲውም ስም በአንዱ መዝገብ በሐመሩ «ሐ»፣ በሌላው በሃሌታው «ሀ»፣ የአባታቸውም ስም ባንዱ በ«ዓ»፣ በሌላው በ«አ» ሲጻፍ፣ ኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገብቷል፤ ቢሆንም ፋይሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው ስልት ካልተቀመጠ፣ ፊደሉ ጠፍቶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሊታይ ይችላል።

የብራና መጻሕፍትም ጉዳይ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከአገራችን አድባራትና ገዳማት ብዙ ሺህ ብራናዎች ተነሥተዋል፤ ቅጂያቸውም በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እያንዳንዱ ብራና የራሱ ቁጥር አለው። ተአምረ ማርያም በስም አንድ ቢሆንም ብራናው ብዙ ነውና፣ መዝገቡ ወደ ሶፍትዌሩ ሲገባ ይህ ቁጥርና የብራናው ደብር ከቀሩ፣ ጸሐፊው የትኛውን እንዳነበበ ማንም ሊመረምር አይችልም።

መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። ከብዙ መዝገብ አስቀድሞ አምስት ወይም ስድስቱን አስገብቶ መመልከት ይገባል። በዞቴሮ የኢትዮጵያዊን ስም ሳይከፍሉ በአንድ ቦታ የሚያኖሩበት መንገድ አለ፤ በኤንድኖት ደግሞ በሙሉ ስሙ መጨረሻ ነጠላ ሰረዝ ቢጨመር ስሙ ሳይገለበጥ ይቀመጣል። ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የብራናው ቁጥር በመደርደሪያ ቁጥሩ ቦታ ይግባ፤ ሁለት ጊዜ የገባው መዝገብም ይዋሐድ። በቤተ መጻሕፍት ላይ የተሾሙ ሰዎችም የስም አጻጻፉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ደንብ ቢያወጡ፣ አንድ ጊዜ የታረመው መዝገብ ለሺህ አንባቢ ይጠቅማል።

የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ገልብጠው ሲጨርሱ፣ ከዋናው ጋር አስተያይተው የተሳሳተውን ይፍቁ፣ የቀረውን ቃል በመስመሩ ላይ ይጨምሩ ነበር። ኮምፒዩተሩ ፈጣን ገልባጭ ነው፤ ማረም ግን ዛሬም የሰው ድርሻ ነው። መጽሐፍ ለመጻፍ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ቢያንስ በገዛ ስሙ ሊጠራ መብቱ ነውና፣ መዝገብ የሚያገባ ሁሉ ይህን ዕዳ ሳይታክት ሊከፍል ይገባዋል።