የፐርም ወረፋ በኮሎምበስ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚገኝ ቀጣሪ የውጭ አገር ባለሙያን በቋሚነት ለመቅጠር ሲፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኢሚግሬሽን ሳይሆን ወደ ፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። ለቦታው ብቁና ፈቃደኛ አሜሪካዊ አለመገኘቱን ማሳየት አለበት። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ኢትዮጵያዊ ይህን ጣጣ አያውቀውም።

ቀድሞ ጉዳዩ በክፍለ ግዛቱና በፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች እየተንከባለለ ዓመታት ይፈጅ ነበር። «ፐርም» የተባለው ማሻሻያ በ2002 እ.ኤ.አ. በረቂቅ ቀርቦ ሥራ ላይ የዋለው ማርች 28 ቀን 2005 ነው። በዚህ መሀል አመልካቾች በአሮጌው ወረፋ ይቆዩ ወይስ አዲሱን ይጠብቁ የሚለው አስጨንቋቸዋል። የተከማቹት ከ300 ሺህ በላይ ማመልከቻዎች ወደ ፊላደልፊያና ዳላስ ተልከው እስከ 2007 ሲጣሩ ቆዩ።

በአዲሱ ደንብ ቀጣሪው ሥራውን በኦሃዮ የሥራ ማገናኛ ለ30 ቀናት ያስመዘግባል፤ እንደ ኮሎምበስ ዲስፓች ባለ ጋዜጣ በሁለት እሑዶች ማስታወቂያ ያወጣል፤ የሚያመለክቱትንም በቅን ልቦና ይመዝናል። ኢንተርኔት ባለበት ዘመን የእሑድ ጋዜጣ ግዴታ መሆኑ ግራ ያጋባል። ከ2007 ጀምሮ የጠበቃውንና የማስታወቂያውን ወጪ ሠራተኛው ላይ መጣል ክልክል ነው።

ሚኒስቴሩ ሲጀምር ከ45 እስከ 60 ቀናት ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ገምቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ውሳኔው ከአንድ ዓመት በላይ ሲወስድ ታይቷል። ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች አሜሪካዊ መገኘት አለመገኘቱ ከሚታይበት ከዚህ ፍተሻ ነፃ ናቸው። ሚኒስቴሩ በዲሴምበር 2023 ነፃ የሆኑት ሙያዎች ዝርዝር ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙያዎች ይስፋ እንደሆነ የሕዝብ አስተያየት ጠይቋል።