የሕመም ቃላትና የደረጃ ልዩነታቸው፦ የታካሚውን ቃል በመጠኑ መረዳት

መግቢያ

የሰውነት ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት በግፊት መለኪያ፣ የሄሞግሎቢን መጠን በላቦራቶሪ ይታወቃል። ሕመም፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ግን ከታካሚው አንደበት በቀር ሌላ ቀጥተኛ መለኪያ የላቸውም። በመሆኑም ታካሚው የሚመርጠው ቃል መጠን ያለው መረጃ ነው። ይሁን እንጂ «ጎኔን ወጋ ወጋ ያደርገኛል» ያለውም ሆነ «ውጋት ሰቅዞ ይዞኛል» ያለው ታካሚ በካርዱ ላይ «የጎን ሕመም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የሕመሙ ቦታ ተመዝግቧል፤ ደረጃው ግን ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተዛማጅ የሕመም ቃላት በመካከላቸው ያላቸውን የደረጃ ልዩነትና ልዩነቱ ለሕክምና ሥራ ያለውን ጥቅም ማስረዳት ነው።

ዓይነትና ደረጃ

የሕመም ቃላት በሥርዓት ከተጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ በካናዳ የሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ዋረን ቶርገርሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት ሕመምን የሚገልጹ ቃላትን በየዓይነታቸው ከመደቡ በኋላ ሐኪሞች፣ ታካሚዎችና ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ቃል የብርታት ደረጃ እንዲሰጡ አደረጉ። የሦስቱ ወገኖች ሕይወትና ሙያ የተለያየ ቢሆንም በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ በአብዛኛው ተስማምተዋል። ሜልዛክ በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 ቃላትን በ20 ምድቦች ይዟል።

ከዚህ ሥራ የሚገኘው ዋና ትምህርት ዓይነትንና ደረጃን መለየት ነው። በአማርኛ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማትና ማቃጠል የዓይነት ስሞች ናቸው። ቁርጠት ከውጋት ይበልጣል ወይም ያንሳል ማለት አይቻልም። ደረጃ የሚታየው በአንድ ዓይነት ውስጥ ነው፤ «ወጋ ወጋ ያደርገኛል»፣ «ይወጋኛል»፣ «ሰቅዞ ይዞኛል» የአንድ መሰላል ሦስት እርከኖች ናቸው። በሦስተኛው እርከን ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልቡ መተንፈስም ሆነ መንቀሳቀስ አይችልም። ድካምም የራሱ መሰላል አለው፦ «ደከም አለኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ዛልኩ»፣ «ተዝለፈለፍኩ»፣ «ራሴን ሳትኩ»። በወለደች እናት ዘንድ ከ«ደከመኝ» ወደ «ተዝለፈለፍኩ» መሸጋገር የደም መፍሰስን የሚያስጠረጥር ለውጥ ነው።

በግሡ ቅርጽ የሚገለጽ ደረጃ

አማርኛ ደረጃን የሚገልጸው «ትንሽ»፣ «በጣም» እና «እጅግ» በሚሉት ቃላት ብቻ አይደለም። የግሡ ቅርጽ ራሱ መጠን ይናገራል። «አመመኝ» እና «አመም አደረገኝ»፣ «ሞቀው» እና «ሞቅ አለው» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛዎቹ የመለስተኛነት ቅርጾች ናቸው። «ሆዴን ቆረጥ ቆረጥ ያደርገኛል» ሲባል ቀለል ያለና ተወት እያደረገ የሚመለስ ሕመም ይገለጻል። «ሆዴን ቁርጥርጥ ያደርገኛል» ሲባል ግን የበረታ ስቃይ ነው። በሁለቱም ሥሩ «ቆረጠ» ነው፤ በሁለቱም ድግግሞሽ አለ። መጠኑን የለየው የድግግሞሹ ቅርጽ ነው። በዚህ ምክንያት ንግግሩ «የሆድ ቁርጠት» ተብሎ ወደ ስም ሲለወጥ፣ ወይም በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደረጃው ነው።

በሕፃናት ሕክምና

ሕፃኑ ራሱ ስለማይናገር መረጃው የሚገኘው ከእናት ቃል ነው። በተቀናጀ የጨቅላ ሕፃናትና ሕፃናት ሕመሞች አያያዝ መመሪያ ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች የሚባሉት መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ የሰውነት መንዘፍዘፍ፣ እንዲሁም መደንዘዝ ወይም ራስን መሳት ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ የደረጃ ጥያቄዎች ናቸው። «ጡት ቀነሰ» የአደጋ ምልክት አይደለም፤ «ጭራሽ መጥባት አቃተው» ግን ነው። «ያስመልሰዋል» እና «የሰጠሁትን ሁሉ ያስመልሰዋል» የተለያየ ውሳኔ ያስከትላሉ።

አስቸጋሪው «ፈዘዘ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በ«ፈዘዝ አለ» እና በ«ደነዘዘ» መካከል ስለሚውል አንዲት እናት ለድብርት፣ ሌላዋ ለከባድ መደንዘዝ ልትጠቀምበት ትችላለች። እዚህ ላይ ቃሉን ሕፃኑን በማየት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፦ ሲጠሩት ይነቃል? ወደ እናቱ ፊት ይመለከታል? «አንቀጠቀጠው» የሚለው ቃል ደግሞ የደረጃ ሳይሆን የዓይነት ጥያቄ ያስነሳል፤ ብርድ ብርድ ብሎት ነው ወይስ ራሱን ስቶ ተንዘፍዝፎ ነው?

የመሻል ቃላት

መዳንም ደረጃ አለው። «ሻል አለኝ»፣ «ተሻለኝ» እና «ዳንኩ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒት በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉና ትኩሳቱ ሲቀንስ «ተሻለኝ» ሊል ይችላል። መድኃኒት ላልተላመደ ሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና ግን 6 ወር ይፈጃል። ታካሚው «ተሻለኝ» ያለውን ራሱ «ዳንኩ» ብሎ ከተረጎመው፣ ባለሙያውም ልዩነቱን ካላስረዳው፣ ሕክምናው ሊቋረጥና በሽታው ሊያገረሽ፣ ጀርሙም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው አነጋገሮች

«ሞትኩ»፣ «ጨረሰኝ»፣ «ገደለኝ» የሚሉት ቃላት በመሰላሉ ጫፍ ላይ ያሉ ቢመስሉም በዕለት ንግግር ለቀላል ሕመምም ይነገራሉ። በተቃራኒው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስ በብርቱ ሕመም ላይ ካለ ሰውም ይሰማል፤ ይህ ለሰላምታ የተሰጠ አጸፋ እንጂ ለሕክምና ጥያቄ የተሰጠ መልስ አይደለም። ስለዚህ ከሰላምታው በኋላ ጥያቄው በዝርዝር መቅረብ አለበት። ሰው ፊት ማቃሰትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ታካሚዎች ዝቅ ያለውን ቃል እንደሚመርጡም መዘንጋት አይገባም።

በሥራ ላይ የሚረዱ ነጥቦች

1. የታካሚውን ዋና ቃል እንደተናገረው፣ በትእምርተ ጥቅስ መመዝገብ። የሕክምና ስያሜው ከዚያ ቀጥሎ ሊጻፍ ይችላል።

2. ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር አነጻጽሮ መጠየቅ፦ «ወጋ ወጋ ነው የሚያደርግዎ ወይስ ሰቅዞ ይይዝዎታል?» «ከትናንቱ ይብሳል ወይስ ቀለል ብሏል?»

3. ደረጃውን ከሥራና ከዕንቅልፍ ጋር ማገናኘት። ከዕንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ውኃ ከመቅዳት የሚያግድ ሕመም «ትንሽ ነው» ቢባልም ትንሽ አይደለም።

4. ከ0 እስከ 10 ያለውን የቁጥር መለኪያ ከቃሉ ጋር አብሮ መጠቀም። ቁጥር ለማያመቸው ታካሚ የራሱ ቃላት መሰላል ይሆናሉ። በክትትል ጊዜም ያንኑ መሰላል ይዞ መጠየቅ ለውጡን ለማየት ያስችላል።

5. አስተርጓሚ ሲኖር ቃሉን ከማሳጠር ይልቅ ታካሚው በቋንቋው ከቀላሉ ወደ ብርቱው ምን ምን እንደሚል ማስጠየቅ።

ማጠቃለያ

ቃል ቴርሞሜትርን ወይም ምርመራን አይተካም። ነገር ግን የትኛው ምርመራ፣ በምን ያህል ፍጥነት፣ ለማን በቅድሚያ እንደሚደረግ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ነው። «አመም አደረገኝ» እና «አመመኝ» መካከል ያለውን ርቀት የሰማ ባለሙያ የታካሚውን ሁኔታ ለመመዘን አንድ ተጨማሪ መለኪያ አግኝቷል፤ ወጪውም ጥቂት ጊዜ ወስዶ በጥሞና ማዳመጥ ብቻ ነው።