የሜዳው ነጭ ፖም የሚታወቅበት ምልክት

በሰሜን አሜሪካ መካከል፣ ከሚዙሪ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ፕሬሪ የሚባል ዛፍ የሌለበት እጅግ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። በዚህም ሜዳ የላኮታ ሕዝብ ቲንፕሲላ፣ የጥንት ፈረንሳውያን ነጋዴዎች ደግሞ ፖም ብላንሽ፣ ማለት ነጭ ፖም፣ የሚሉት የዱር ተክል ይበቅላል። ምድሩን እንዲመረምር በፕሬዚዳንት ጄፈርሰን የተላከው ሻምበል ሜሪዌዘር ልዊስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805 ዓመተ ምሕረት በዚያ ሲያልፍ አይቶ በማስታወሻው ጽፎታል። የሚበላው ሥሩ ነው፤ ዳሩ ግን ወገኑ ከድንችና ከካሮት ሳይሆን ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ነው።

በምን ይታወቃል ቢሉ፣ በአበባው ነው። አንባቢዎቻችን ከባቄላ ማሳ አንድ አበባ ቀጥፈው ቢመለከቱ፣ አንዱ የአበባ ቅጠል ወደ ላይ እንደ ሰንደቅ ቆሞ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተዘርግተው፣ የቀሩት ሁለቱ ከታች ተጋጥመው እንደ ታንኳ ሆነው ያገኙአቸዋል። የቲንፕሲላም አበባ መልኩ ሐምራዊ ሲሆን ሥርዐቱ ይኸው ነው።

ነገር ግን አበባው ብቻውን ለምስክርነት አይበቃም። በዚያው ሜዳ የኛ ግብጦ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሉፒን የሚባል ተክል አለ። ግብጦ መራራነቱ እስኪለቅ ድረስ ስንት ቀን በውሃ እንደሚዘፈዘፍ የጎጃም እመቤቶች ያውቁታል፤ የዱሩ ሉፒን ግን በግ የሚገድል መርዝ አለበትና፣ ማንም ሰው እንደ ግብጦ አጥቤ እበላዋለሁ ሊል አይገባውም። የሁለቱም ቅጠል እንደ እጅ ጣት ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ የተዘረጋ ስለ ሆነ ያልለመደ ሰው ፈጥኖ ይሳሳታል።

ስለዚህ ምልክቱን ሁሉ አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ቲንፕሲላ አጭር ነው፤ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሳንቲሜትር ነው፤ ግንዱም ነጭ ጠጉር ለብሶአል። የቅጠሉ ጣቶች ብዙውን ጊዜ 5 ሲሆኑ የሉፒን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣሉ። አበባው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሉፒን ግን ረዝሞ ከቅጠሉ በላይ ይወጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው ፍሬው ነው፤ የሉፒን ፍሬ ማኅደር እንደ አተር ረዥም ሆኖ ብዙ ፍሬ ይይዛል፤ የቲንፕሲላ ግን አጭር፣ ጫፉም እንደ ወፍ አፍ የሾለ ሆኖ በውስጡ ያለችው አንዲት ፍሬ ብቻ ናት።

ይህም ምርመራ ጊዜ አለው። ተክሉ በሰኔ አብቦ ይታያል፤ የሙቀቱ ወራት ሳያልቅ ግንዱ ከምድር ተቈርጦ በነፋስ እየተንከባለለ ፍሬውን ይዘራል። ከዚያ በኋላ ሥሩ ከምድር በታች በደኅና ቢቀመጥም የሚያመለክት ነገር ስለሌለ ዐዋቂም ቢሆን አያገኘውም። የላኮታ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሜዳ የሚወጡት ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። አንዱን ያገኘ ልጅ፣ ቅርንጫፉ ወዳመለከተበት አቅጣጫ ሄዶ ሁለተኛውን እንዲፈልግ ይነግሩታል። ነገሩ ለዕፅዋት ሊቅ ባይዋጥለትም፣ የልጅን ዐይን ከምድር እንዳይነሣ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ መቼ ይገኛል!

ሥሩን በሹል እንጨት ቆፍረው ያወጡታል። መጠኑ የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ የጠቆረው ልጣጩ ሲገፈፍ ውስጡ ነጭ ነው። ጅራቱን እንደ ሹሩባ ጐንጉነው በቤት ይሰቅሉታል፤ ሲደርቅም ለብርዱ ወራት ከሥጋ ጋራ ይቀቅሉታል፣ ወይም ፈጭተው ዱቄት ያደርጉታል። ሥሩ ሲወጣ ተክሉ ይሞታልና፣ አስተዋዮቹ ሴቶች ፍሬ የያዘውን ራስ ወደ ጉድጓዱ መልሰው ዐፈር ያለብሱታል።