አሮጌ ኮምፒውተር ድረ-ገጽ አልከፍትም ሲል፦ መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ

ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ዕለት አጎቴ ከደሴ ደወሉልኝ። «ያ የላክኸው ላፕቶፕ ኢንተርኔት ከለከለኝ» አሉኝ። ዋይፋዩ ይሠራል፤ ስልካቸው ላይ ሁሉም ነገር ይከፈታል። ላፕቶፑ ግን በየገጹ «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አንድ የሠፈር ልጅ «አድቫንስድ» የሚለውን ተጭነው እንዲያልፉት አሳይቷቸዋል። አንዳንዱ ገጽ በዚያ መንገድ ተከፈተ፤ ኢሜይላቸው ግን በጭራሽ እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን ያንብቡልኝ።»

«10/15/2017 ይላል።»

«ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ እንጂ! መብራት በጠፋ ቁጥር 2009 እያለ ሲያስቸግረኝ ያለንበትን ቀን ሞላሁለት።»

ጋሼ አልተሳሳቱም፤ ሰኔ አሥረኛው ወር ነው፣ ዓመቱም 2017 ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ራሱን ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወሰደ። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። አገር ቤት አሮጌ ላፕቶፕ የላካችሁ ሁሉ እንዲህ ያለ ስልክ ሊደወልላችሁ ስለሚችል፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን በቅደም ተከተል እንይ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰርተፍኬት ምንድን ነው?

አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ድረ-ገጽ ሲከፍቱ፣ ገጹ ለብራውዘርዎ መታወቂያ ያሳያል። ሰርተፍኬት የሚባለው ይህ ነው። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ስም፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሰጪው ማህተም አለው። ብራውዘሩ ሦስት ነገር ያጣራል፦ ስሙ ከከፈቱት አድራሻ ጋር ይመሳሰላል ወይ? የዛሬው ቀን በሁለቱ ቀኖች መካከል ነው ወይ? ማህተሙን የመታው ድርጅት እኔ ከማምናቸው አንዱ ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ ያስቆምዎታል።

ከመስከረም 2020 ጀምሮ የሚሰጥ ሰርተፍኬት ዕድሜው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ብራውዘሮች ወስነው ነበር፤ ብዙዎቹ ደግሞ የ90 ቀን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ለቀረ ኮምፒውተር ዛሬ የሚያየው ሰርተፍኬት ሁሉ ገና ያልተሰጠ ነው።

ማስጠንቀቂያውን ያንብቡት

ከዋናው ጽሑፍ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ኮድ አለ። «ዴት» የሚል ቃል ካለበት ጉዳዩ የቀን ነው። «ኦቶሪቲ»፣ ፋየርፎክስ ላይ ደግሞ «አንኖን ኢሹወር» ካለ ማህተሙን አላወቀውም። «ኮመን ኔም» ካለ ስሙ አልተመሳሰለም። ስልክ ላይ ሆነው ሰው የሚረዱ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያስነብቡ።

1. ቀን፣ ዓመትና የሰዓት ቀጠና

ዊንዶውስ ላይ ከታች በስተቀኝ ያለውን ሰዓት በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «አድጀስት ዴት» የሚለውን ይክፈቱ። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ፦ እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን ኮምፒውተሩ 8 ሰዓት ይለዋል። የስድስት ሰዓት ስህተት ብቻውን ብዙ ገጽ አያስቆምም፤ ዛሬ የታደሰ ሰርተፍኬት ያለው ገጽ ላይ ግን ያጋጥማል።

የሰዓት ቀጠናውን አይርሱት። የዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው አያገኟትም፤ ለኢትዮጵያ የሚመረጠው በሦስት ሰዓት የሚቀድመው «ናይሮቢ» ነው። ከአሜሪካ የተላከ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የአሜሪካን ቀጠና እንደያዘ ይሄዳል።

ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ በጣም ከራቀ ዊንዶውስ አልወስድም ሊል ይችላል። በመጀመሪያ ትክክለኛውን ቀን በእጅ ይሙሉ፣ ከዚያ «ኢንተርኔት ታይም» ውስጥ ገብተው ያስተካክሉት። ሲጨርሱ ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱ።

2. ቀኑ እየተመለሰ ካስቸገረ

ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት ከተመለሰ፣ ሰዓቱን የምትጠብቀው ትንሽ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የመሰለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲ አር 2032 የሚባለው ዓይነት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ሽፋኑን ከፍተው፣ የመደመር ምልክቱ በነበረበት በኩል አድርገው ሊቀይሯት ይችላሉ። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በሽቦ ስለምትያያዝ ለጠጋኝ መስጠቱ ይሻላል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ብዙዎች ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ኮምፒውተሩን ይጥላሉ።

3. ቀኑ ትክክል ሆኖ ማህተሙን ካላወቀ

የሚታመኑ ማህተሞች ዝርዝርም ያረጃል። ለብዙ ሚሊዮን ገጾች በነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ሲጀምር ይታመንበት የነበረው የሌላ ድርጅት ማህተም መስከረም 30 ቀን 2021 አበቃ። አዲሱን ማህተም የማያውቁ የቆዩ ማኮችና ሌሎች መሣሪያዎች በዚያ ሰሞን ብዙ ገጽ መክፈት አቃታቸው። መጋቢት 14 ቀን 2025 ደግሞ የፋየርፎክስ አንድ ዋና ሰርተፍኬት ስላበቃ፣ ያልታደሱ የፋየርፎክስ እትሞች ላይ ተጨማሪዎች መሥራት አቆሙ።

መፍትሔው ብራውዘሩን ማደስ ነው። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም በ2023 የወጣው 109ኛው እትም ነው፤ ከዚያ በኋላ አይታደስም። ለእነዚህ ኮምፒውተሮች የሚሻለው «ኢ ኤስ አር» የተባለው የፋየርፎክስ 115 እትም ነው። ፋየርፎክስ የሚታመኑትን ማህተሞች ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ የዊንዶውሱ ዝርዝር ማርጀት ብዙ አይጎዳውም። ያ ኮምፒውተር የማውረጃውን ገጽ ራሱን ካልከፈተ፣ በሌላ ኮምፒውተር ከሞዚላ ገጽ አውርደው በፍላሽ ይውሰዱለት።

4. አንድ ገጽ ብቻ ወይስ አንድ ቦታ ብቻ?

አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ የማይከፈተው፣ ጥፋቱ ምናልባት የገጹ ባለቤት ነው፤ ሰርተፍኬቱን ማደስ ረስቷል። ሆቴል ወይም ኤርፖርት ዋይፋይ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ የዋይፋዩን መግቢያ ገጽ መሙላት ሊኖርብዎት ይችላል። ከገቡ በኋላም ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ዋይፋዩን ይተዉትና በስልክዎ ዳታ ይሞክሩ። አንዳንድ ጸረ-ቫይረስም ገጹንና ብራውዘሩን በመካከል ገብቶ ስለሚያገናኝ የራሱን ማህተም ያቀርባል፤ እሱን ማደስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የማይደረግ ነገር

«አድቫንስድ» ተጭኖ ማለፍ ችግሩን አይፈታም፤ ዘበኛውን ማሰናበት ነው። መታወቂያው ያልተረጋገጠ ገጽ ላይ የጻፉትን የይለፍ ቃል መሀል ላይ የቆመ ሰው ሊያነበው ይችላል። ባንክ፣ ኢሜይልና ገንዘብ መላኪያ ላይ በምንም ምክንያት አይለፉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በቴሌግራም የተላከ «ሰርተፍኬት» መጫን ነው። አንድ የማይታወቅ ማህተም ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ ባለቤቱ የፈለገውን ገጽ መስሎ ሊቀርብዎት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ብራውዘሩም አያስጠነቅቅዎትም።

አንድ ነገር ሳይሸሸግ መነገር አለበት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ ማለት ኮምፒውተሩ ታደሰ ማለት አይደለም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 7 ዜና ለማንበብ ያገለግል፤ የባንክ ሥራ ግን በታደሰ ስልክ ይሁን። ኮምፒውተሩ ጥንካሬ ካለው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም መጫንም አንድ መንገድ ነው።

የጋሼ ላፕቶፕ ባትሪዋ ተቀየረች፣ ፋየርፎክስም ተጫነለት። ከሠፈሩ ልጅ ይልቅ ማስጠንቀቂያውን ማመን እንደሚሻል ነገርኳቸው። እሳቸውም ለጥንቃቄ ብለው ከስክሪኑ ሥር ወረቀት ለጥፈዋል፦ «ለዚህ ዕቃ በፈረንጅ ቁጠርለት።»